የፈረስ ጉልበት፤ ከዲትሮይት እስከ አሶሳ

፩

በኢትዮጵያ ታሪክ ስመ ጥር የጦር መሪ የሆነ ሁሉ እናትና አባቱ ካወጡለት ስም ሌላ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ፎካሪው ሲፎክር፣ አዝማሪው ሲያወድስ፣ አልቃሿም ስታለቅስ ቅድሚያ የምትጠራው የፈረሱን ስም ነበር። ፈረስ የጌታው ኃይል፣ የጌታው ፍጥነት፣ ከሁሉም በላይ የጌታው ድምፅ ነበርና፤ ጋላቢው ከመታየቱ በፊት የኮቴው ድምፅ ይሰማል።

ከዚህ ልማድ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው አገር፣ በሰሜን አሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች፣ ከመቶ ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ተመሳሳይ ጠባይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዲትሮይትና ከአካባቢው ከወጡት አውቶሞቢሎች አንዱ «ሙስታንግ» ተባለ፤ የዱር ፈረስ ማለት ነው። ሌላው «ቻርጀር» ተባለ፤ የጦር ፈረስ ማለት ነው። ሞተራቸው የሚለካውም በፈረስ ጉልበት ነው። ፈረሱ ከመንገዱ ቢወርድም ስሙና መለኪያው ከብረቱ ላይ አልወረደም። የእነዚህ አውቶሞቢሎች አፍቃሪዎች ዛሬም ስለ እነርሱ ሲያወሩ ስለ ብረት የሚያወሩ አይመስሉም፤ ስለ ጋላቢነት ያወራሉ፤ ስለ ወጣትነታቸው ያወራሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የፈረስ ጉልበት ታሪክ ነው። መነሻው ግን ዲትሮይት አይደለም። መነሻው አሶሳ ነው፤ ፈረስ በቀላሉ የማይኖርበት አገር።

፪

ከነቀምት ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የዴዴሳን ሸለቆ ይሻገራል፤ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን አልፎ ደግሞ የዳቡስን ወንዝ ያቋርጣል፤ ከዚያ ባምባሲ፣ ከዚያም አሶሳ ይደርሳል። እነዚህ ቆላማ ሸለቆዎች፣ በሰሜን በኩል ካለው ከበለስና ከዓባይ ሸለቆ ጋር፣ የቆላ ዝንብ መኖሪያ ናቸው። ዝንቧ የምታስተላልፈው ገንዲ የተባለው በሽታ የቀንድ ከብትን ያከሳል፤ ፈረስን ደግሞ ፈጥኖ ይገድላል። ስለዚህ ደገኛው ሠራዊት በፈረሱ እየፎከረ የወረደበት ሸለቆ የፈረሱ መቃብር ይሆን ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው ዘመናቸውን ያሳለፉት በአመዛኙ በእግር በመጓዝ፣ ሸክማቸውንም በትከሻ፣ በራስና አህያ በሚቋቋምበት ስፍራ በአህያ በማመላለስ ነው።

በ1890 ዓ.ም. ወደዚህ አገር የዘመተው ሠራዊት አዛዥ ራስ መኰንን ነበሩ፤ የፈረሳቸው ስም አባ ቃኘው። በዘመቻው ቤኒሻንጉል ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት ገበረ። የአሶሳው ገዢ ሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን ተማርከው አዲስ አበባ ከቆዩ በኋላ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ እስከ 1930 ዓ.ም. ገደማ ድረስም የአካባቢው ኃያል ሰው ሆነው ኖሩ። ከአሶሳ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ወርቅ የታወቀ ነው። ወርቁ ብቻ ቢሆን ግን ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ከወርቁ ጋር ሰውም ይነዳ፣ ሰውም ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን የመንገዱ ጉልበት የፈረስም የሞተርም አልነበረም፤ የባሪያው ትከሻ ነበር። ስለ ማጓጓዣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠቅስ ወደ ሞተር ቢሸጋገር ታሪኩን ከወገቡ የጀመረ ይሆናል።

የሼኹ ስም ዛሬ በአዲስ አበባ ይኖራል። በከተማዋ ሰሜናዊ ምዕራብ ቤተ መንግሥታቸው የተሠራበት ሰፈር «ሸጎሌ» የሚባለው ሼኽ ሆጀሌ የሚለው ስም በከተሜው አንደበት ተለዝቦ ነው። በዚሁ ሰፈር ዛሬ የከተማ አውቶቡሶች ማደሪያ አለ። ፈረስ የማይኖርበት አገር ገዢ ስም የሞተሮች ማደሪያ መጠሪያ መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ግን ሳያስገርም አይቀርም።

የአባ ቃኘው ስም ጉዞ ደግሞ ከዚህም የረዘመ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ። ከዚያም በግንቦት 1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በተፈራረሙት ውል መሠረት በአሥመራ የተደራጀው የአሜሪካ የመገናኛ ጦር ሰፈር ይኸንኑ ስም ወሰደ። እነሆ፣ በቤኒሻንጉል ዘመቻ አዛዡ የተጠሩበት የፈረስ ስም ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በአሜሪካውያን ጦር ሰፈር በር ላይ ተጻፈ። በዚያም በር አሜሪካውያኑ በመርከብ ያስመጧቸው የግል አውቶሞቢሎች ይገቡና ይወጡ ነበር። ፈረሱ ሄዶ የፈረስ ጉልበት መጣ።

፫

ለመሆኑ እነዚያ አውቶሞቢሎች ምን ነበሩ?

አሜሪካውያን «ባለ ጡንቻ» የሚሏቸው አውቶሞቢሎች አሠራር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ ይችላል፦ መካከለኛ ቁመት ባለው፣ ዋጋውም መካከለኛ በሆነ አካል ውስጥ ለትልቅ መኪና የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር መግጠም። የዚህ ዓይነት ሙከራ ቀደም ብሎ ቢታይም፣ ብዙዎች ዘመኑን የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ነው። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ለመካከለኛ አውቶሞቢሎቹ የሞተር መጠን ወሰን አበጅቶ ነበር። በፖንቲያክ ክፍል የነበሩ መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም አንዱ ጆን ዴሎሪያን፣ ደንቡን በዘዴ ዘለሉት፤ 6.4 ሊትር የሚይዘውን ሞተር «ጂ ቲ ኦ» ብለው እንደ ተጨማሪ ዕቃ ሸጡት። ጉልበቱ 325 ፈረስ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አቀረበ፤ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበርና የቢሮ ጸሐፊውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ተሻማበት።

ከዚያ በኋላ የጉልበት ውድድር ሆነ። ክራይስለር 7 ሊትር የሚይዝ፣ 425 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ አወጣ። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1970 በ7.4 ሊትር 450 ደረሰ። አፍቃሪዎቹ እነዚህን ቁጥሮች ደጋፊ የቡድኑን ተጫዋቾች እንደሚቆጥር በቃላቸው ይቆጥሩዋቸዋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ ራሳቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሞተሩን የሚለኩት ራቁቱን፣ ማለትም ማርሚታውንና ሌሎቹን ተቀጥላዎች ሳይሸከም ነበር። ከ1972 ጀምሮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይለካ ሲባል የብዙዎቹ ጉልበት በወረቀት ላይ ቁልቁል ወረደ። ከዚህም ሌላ ፋብሪካዎቹ ጉልበት ሲጨምሩ የማቆሚያውን ኃይል በዚያው ልክ አልጨመሩም። ብዙዎቹ ባለ ታምቡር ፍሬን ነበሩ፤ ታምቡር ደግሞ ደጋግመው ሲይዙት ይግልና ይሰንፋል። ጎማቸው ቀጭን፣ ባሌስትራቸው ለቀጥታ መንገድ እንጂ ለጥምዝ ያልታሰበ ነበር። በአጭሩ፣ መነሣትን እንጂ መቆምን፣ መሮጥን እንጂ መታጠፍን አያውቁም ነበር።

በአፍቃሪዎቹ መካከል ያለው ክርክርም የሚያጠነጥነው በዚሁ ነው። አንዱ ወገን «መኪና ማለት ያ ነበር፤ ኮፈኑን ስትከፍት ሁሉም ነገር ይታይሃል፤ በመፍቻ ትፈታዋለህ፤ በእጅህ ትጠግነዋለህ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ያ መኪና ውበቱ በትዝታ ነው፤ በዝናብ ቀን በጠመዝማዛ መንገድ የነዳው ሰው እውነቱን ያውቃል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ድምፁ። ስምንቱ ሲሊንደሮች በቀኝና በግራ በአራት በአራት ሲሰለፉ በእያንዳንዱ ረድፍ ያለው ተኩስ በእኩል ጊዜ አይከፋፈልም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል። ከማርሚታው የሚወጣው ያ ጉርምርምታ የዚህ አለመመጣጠን ውጤት ነው። ከበሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን ጆሮ እንደሚይዝ ይገባዋል፤ ምት ልብን የሚነካው በትክክል ሲቆጠር ብቻ አይደለም፤ ሲያመነታም ነው።

፬

የትዝታው ወግ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ቢኖር አውቶሞቢሎቹን የሠራው እጅ የማን እንደ ነበረ ነው። በሐምሌ 1967 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት በሕዝብ ዓመፅ ስትነድድ 43 ሰዎች ሞቱ። በተከታዩ ዓመት ግንቦት ወር በሐምትራምክ በሚገኘው የዶጅ ዋና ፋብሪካ ጥቁር ወዛደሮች በመገጣጠሚያው መስመር ፍጥነት መጨመርና በዘር አድልዎ ተማርረው ሥራ አቆሙ፤ «የዶጅ አብዮታዊ ማኅበር እንቅስቃሴ» የተባለውን ድርጅትም አቋቋሙ። ከባዱ፣ የሚያቃጥለውና የሚያሳምመው ሥራ ለጥቁሮች ይመደብ ነበር። በዚያው ፋብሪካ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከባለ ጡንቻዎቹ አንዱ የሆነው «ቻሌንጀር» መገጣጠም ጀመረ። ስለዚህ የመኪናው ጡንቻ ከመኪናው በፊት የሰው ጡንቻ ነበር። አንዱ ወጣት በቅዳሜ ምሽት መንገድ ላይ ለሚያስጮኸው ፍጥነት ሌላው ወጣት በሳምንቱ ሁሉ ከመስመሩ ፍጥነት ጋር ይታገል ነበር።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽታ ይዟል። በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጥ ከነበረው ዓይነት አንዱ፣ የ1971 የፕሊማውዝ «ኩዳ» ጣሪያው ተነሺ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሐራጅ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ለጸሐፊና ለወዛደር የታሰበው ዕቃ የባለጸጋ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ አፍቃሪዎች ይህን በኩራት ይናገሩታል። ሌሎቹ ግን ያዝናሉ፤ መኪናው ጨርቅ ለብሶ በመጋዘን ሲቆም ድምፁ ሞቷልና።

የእነዚህን አውቶሞቢሎች ዘመን የደመደሙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ነው። ሁለተኛው የመድን ኩባንያዎች በወጣት ነጂዎች ላይ የጣሉት ከባድ ክፍያ ነው። ሦስተኛው በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ያወጁት የነዳጅ ዕቀባ ነው። የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። በማደያዎች ደጃፍ ሰልፍ ተዘረጋ፤ 7 ሊትር የሚያህለው ሞተር በአንድ ክረምት አፍሮ አንገቱን ደፋ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ የነዳጅ ዋጋ ማዕበል ዲትሮይት ላይ አልቆመም። አዲስ አበባም ደረሰ። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም የትምህርቱን ዘርፍ ጥናት በመቃወም አድማ መቱ። የዘውዱን ሥርዓት የናጠው የየካቲት እንቅስቃሴ በዚህ ተፋፋመ። አንድ ምክንያት በሁለት አገር ሁለት ውጤት አስከተለ፦ በአሜሪካ የጉልበተኛውን አውቶሞቢል ዘመን ዘጋ፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ለዘመናት የቆየውን የንጉሥ መንበር ለመገርሰስ አንድ ክብሪት ሆነ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። በግቢው ውስጥ ረጃጅምና ባለ ግርማ አውቶሞቢሎች ቆመው ነበር። የወሰዳቸው ግን ትንሽ ቮልስዋገን ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የዚያን ቀን ዐዋጅ ቃል በቃል ባያስታውሱትም ቮልሷን ያስታውሳሉ። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ጉልበቷ ከእነዚያ ግርማ ሞገሳሞች ሩብ የማይሞላ ያቺ መኪና የዘመን መለወጫ ምልክት ሆና ቀረች። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን አውቶሞቢሎች ለእይታ አቅርቧል፤ ተመልካቹም በዓይኑ የቆሙትን ሲያይ በልቡ ቮልሷን መፈለጉ አይቀርም።

፭

አሶሳ ግን የዲትሮይትን ባለ ጡንቻ ለመናፈቅ ምክንያት አልነበራትም። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው መንገድ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎማ በሚውጥበት አገር፣ ዝቅ ያለው ባለ 425 የፈረስ ጉልበት አውቶሞቢል መጀመሪያ ዳገት ላይ ይቆም ነበር። ይህ አገር የራሱ ባለ ጡንቻዎች ነበሩት።

ሞተር ወደ ምዕራቡ ጠረፍ የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ሱዳን ነበር። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከኢጣሊያ ጦር እጅ ያስለቀቀው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር የመጣው ሱዳንን አቋርጦ ነው፤ ከጦርነቱም በኋላ በኩርሙክ ወዲያና ወዲህ የሚደረገው ንግድ ከወሰኑ ማዶ የእንግሊዝ ሥሪት በሆኑት፣ ሳጥናቸው በሱዳን አናጢዎች ተሠርቶ በቀለም በተዥጎረጎሩት የገበያ ሎሪዎች ይካሄድ ነበር። ሁለተኛው በር መሐል አገር ነው። የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ካበደረ በኋላ በተከታዩ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራውን የመሩት የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች ነበሩ። ከአሜሪካ ለኢትዮጵያ ገጠር የተረፈው ጡንቻ እንግዲህ የአውቶሞቢል ሳይሆን የመንገድ መጥረጊያው ጡንቻ ነው።

በዚያ መንገድ ላይ የነገሠው ግን የኢጣሊያ ሥሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረው የፊያት 682 የጭነት መኪና በአፍሪካ ብዙ አገሮች «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም አተረፈ፤ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ደግሞ አንዱን ዓይነት በጣሊያንኛው አጠራር «ኤን ትሬ» ብለው ጠሩት። የጋራዡ ቋንቋ እስከ ዛሬ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ። ወራሪው ተባረረ፤ መፍቻው ከነስሙ ቀረ። ቃላቱን የራሳቸው ያደረጓቸው እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች ናቸው።

የኤን ትሬ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነበር። መጠኑ ከ10 ሊትር ይበልጣል፤ ጉልበቱ ግን ከ200 ፈረስ አይበልጥም። ለዲትሮይት አፍቃሪ ይህ ቀልድ ይመስለው ይሆናል፤ ከ10 ሊትር በላይ ሞተር ከ7 ሊትሩ ግማሽ እንኳ ጉልበት አያወጣምና። ምሥጢሩ ግን በሥራው ዓይነት ላይ ነው። የዲትሮይቱ ሞተር የተሠራው ጥቂት ሰዎችን ይዞ ለሰከንዶች ለመፈትለክ ነው፤ የናፍጣው ሞተር ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ቡና፣ ጨው፣ ሲሚንቶና ሰው ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለመግፋት። አንደኛው የጉግስ ፈረስ ነው፤ ሁለተኛው የጭነት በቅሎ።

የድሮ ሾፌሮች ስለዚህ መኪና ሲያወሩ የሚሰማው ክርክር ከወዲያኛው አገር ክርክር ጋር በሚያስደንቅ መልክ ይመሳሰላል። «አሮጌው ይናገራል» ይላል አንዱ፤ «ከመሰበሩ በፊት ድምፁን ይለውጣል፤ ያወቀ ሾፌር በጆሮው ይጠግነዋል፤ በሽቦም በመዶሻም ቤትህ ያደርስሃል። አዲሱ ግን ኮምፒዩተር ካልመጣለት አይነሣም።» ሌላው ደግሞ ክንዱን እያሳየ ይመልሳል፦ «መሪው የበላውን ክንድ ማን ይቆጥረዋል? ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ቀን ያልነበረ ሰው ነው አሮጌውን የሚያመሰግን።» ክርክሩ አያልቅም። ማለቅም የለበትም፤ ሁለቱም እውነት ነውና።

የምዕራቡ መንገድ ትዝታ ግን የሾፌሮች ብቻ አይደለም። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሶሳ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በብዛት ወደ አሶሳና ወደ መተከል የገቡ የወሎ፣ የሌላውም ድርቅ የመታው አገር ሰፋሪዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ ከቀዬው ተነሥቶ የሰፈረው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋል፤ በፓዌ ብቻ 80,000 ገደማ ሰፍሯል። ከፊሉ በአንቶኖቭ አውሮፕላን፣ ከፊሉ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደ አለ፤ ሳይፈቅድ የተጫነም አለ። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ በጉዞው ተለያይቶ የቀረ አለ። ከወረዱም በኋላ ወባው ብዙዎችን ጨረሰ። ጉሙዙም ያደነበትና ያረሰበት ጫካ በአንድ ወቅት ሲመነጠር፣ እርሻ ሲሆን፣ ማንም ሳያማክረው አየ። ለእነዚህ ሰዎች የጭነት መኪና ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሾፌሩ ትዝታ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። አንዱ ሞተር ለነጂው ኩራት፣ ለተጫነው መለየት፣ መንገዱ ዳር ቆሞ ላየው ደግሞ የመሬቱ መነጠቅ ነበር። ስለ አሮጌ መኪና የሚነገር ወግ ሦስቱን ካልያዘ ጎደሎ ነው።

፮

የዓባይን ሸለቆ ያጠኑት ሌሎች አሜሪካውያን ነበሩ። ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ መረመረ፤ ለግድብ ከተመለከታቸው ቦታዎች አንዱ በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለው ነበር። ጥናቱ ባበቃበት በዚያው ዓመት ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦንን፣ ፎርድ ሙስታንግን እንዳወጡ ልብ ይሏል። ጥናቱ በመደርደሪያ ላይ ዐርባ ሰባት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና፣ ከመምህሩ ደመወዝ፣ ከገበሬው ኪስ፣ ከተማሪው ቁጠባ የተውጣጣ ነው። 13ቱ ተርባይኖች የሚያመነጩት ኃይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ በአሮጌው መለኪያ ሲሰላ ወደ 6.9 ሚሊዮን የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

የራስ መኰንን ፈረሰኛ በገንዲ ፈረሱን ይቀብርበት በነበረው የቆላ ምድር ዛሬ ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ታስሮ ቆሟል። ኮቴ የለውም፤ ጉርምርምታ የለውም፤ ጭስ የለውም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ወዲያ ማዶም ዘመኑ ተለውጧል። ዶጅ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ቻርጀር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አቁሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቻርጀር አወጣ፤ አፍቃሪው ዝምታውን እንዳይጠላበት ግን የሞተርን ጩኸት የሚያስመስል መሣሪያ ገጠመለት። በዚህ የሚስቁ አሉ፤ የሚያዝኑም አሉ። ሳቁም ኀዘኑም ስለ መኪናው አይደለም። ሰው ኃይልን የሚያምነው ሲሰማው ነውና፣ ድምፅ የሌለውን ኃይል እንዴት እንደሚያወድስ ገና አልተማረም።

አሶሳ ከተማ ዛሬ የሚሰማው የባጃጅ ድምፅ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 10 ገደማ የፈረስ ጉልበት። ወጣቱ ነጂ ባጃጁን በመጋረጃ፣ በጥቅስና በሥዕል አስጊጦ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። እርሱም እንደ ዲትሮይቱ ወጣት፣ እንደ ኤን ትሬው ሾፌር፣ መኪናዬ የሚለው ነገር ነፍስ እንዳለው ያምናል። ነገ የሚነዳው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ኃይሉ ከሩቅ አይመጣም፤ ከገዛ ክልሉ ወንዝ ነው። ጥያቄው ይህ ኃይል በከፍተኛ መስመር ከራሱ ላይ አልፎ ወደ ሩቅ ከተማ ከመሄዱ በፊት ለጉሙዙ ጎጆ፣ ለበርታው የወርቅ አጣቢ ሰፈር፣ ለሰፋሪው ልጅ ትምህርት ቤት ስንቱን ይተዋል የሚለው ነው። የፈረስ ጉልበት ታሪክ በየዘመኑ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጋላቢው ማን ነው? ተሸካሚውስ?

ለመምህሩና ለኪነት ሰው የሚቀረው ሥራ ከዚህ የሚነሣ ነው። የንጉሡ አውቶሞቢሎች ሙዚየም አግኝተዋል። ኤን ትሬው ግን በየጋራዡ ጓሮ እየተቆራረጠ፣ እየቀለጠ ነው፤ ከእርሱም ጋር የሾፌሩ ወግ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ ከሳጥኑ ግንባር የተጻፈው ጥቅስ፣ በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣ የሄደችው እናት ልቅሶ እየጠፋ ነው። ብረቱ ቢቀልጥ ይቅለጥ፤ ብረት ነውና ሌላ ነገር ይሠራበታል። ወጉ ግን አንዴ ከቀለጠ የሚፈስበት ቅርጽ የለም። ነቀምት ላይ፣ መንዲ ላይ፣ ባምባሲ ላይ፣ አሶሳ ላይ በጡረታ የተቀመጡት አሮጌ ሾፌሮችና በዚያው መንገድ ተጭነው የመጡት አረጋውያን ዛሬም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። አባቶች የፈረሱን ስም አልረሱም፤ ልጆችም የተሸከመውን ሰው ስም ሊረሱ አይገባም።